ለተመላሾች ስብስብ ለጠየቅሽው፦ ከአዳራሹ በፊት እድሩ

ሰላም እህቴ። «ከአረብ አገር የተመለስን 7 ሴቶች ነን፤ ፒያሳ አካባቢ ቲያትርና የፎቶ ዐውደ ርእይ አዘጋጅተን ሕዝቡ እንዲያውቀን እንፈልጋለን፣ አዳራሽና ፈቃድ ከየት እንጀምር?» ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሁሉ ስለ ስፖንሰር ነው ያወሩት። እኔ ከቤይሩት የገባሁት በ2013 ነው፣ ያላችሁበት ቦታ ላይ ነበርኩ፣ ዋጋም ከፍዬበታለሁ።

1. ወረዳ ስትሄጂ የምትናገሪውን ቃል ምረጪ። «ቲያትር» ካልሽ ወደ ባህል፣ «ስደት» ካልሽ ወደ ሥራ ጉዳይ፣ «ሴቶች» ካልሽ ወደ ሴቶች ጉዳይ ይልኩሻል። እኛ የዋህ ሆነን ሦስቱንም ተናገርንና ሦስቱም በር ላይ ተመላለስን። በአራተኛው ቀን አንዷ ሠራተኛ የሻይ ብርጭቆዋን ደብዳቤያችን ላይ አስቀምጣ «ይህን ሁሉ ዓመት አረብ አገር ተቀምጣችሁ የአዳራሽ መከራያ እንኳ አልያዛችሁም?» አለችን። የብርጭቆው ክብ ምልክት ያለበት ደብዳቤ እስካሁን ቤቴ አለ። ቅጹ ላይ ደግሞ «ተመላሽ» የሚል ሳጥን ነበረው። እኔ የማውቀው ተመላሽ ጠርሙስ ነው! (አደባባይ ላይ የምትሰበሰቡ ከሆነ በ1983 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 3 መሠረት ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ። ተቀብለናል ብለው የፈረሙበትን ቅጂ ሳትይዙ እንዳትወጡ።)

2. ለመመዝገብ አትቸኩሉ። የሲቪል ማኅበራት አዋጅ 1113/2011 እድርንና እቁብን አይመለከትም። 7 ሰው ሆናችሁ ማኅተም ከማስቀረጽ በወር 100 ብር አዋጡና አንዷ ስትታመም ማን እንደሚያስተኛት ተነጋገሩ። እድር አዲስ አበባ ላይ እንዲህ የበዛው አገሩን ለቆ የመጣ ሰው ቀባሪ እንዳያጣ አይደል? ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርስም አይተነዋል። ሰፈርተኛው በየኮንዶሚኒየሙ ሲበተን ብዙ ነገር ቀረ፤ አንዳንዱ ግን ለእድሩ ሲል ታክሲ ሦስት ጊዜ ቀይሮ ይመጣል።

3. ፊት። ይሄንን በቁጥር ልጽፈው አልችልም፣ ልንገርሽ።

አንድ ድርጅት በጀት ሰጠን። አዳራሹን፣ ቲሸርቱን፣ የሻይ ሰዓቱን ቻለ። በለውጡ የጠየቀን «አንድ ፊት» ነው፣ ለባነሩ። ከመካከላችን በጣም የምትስቀው ልጅ «እኔ እሆናለሁ» አለች። በቃል ተስማማች፣ እኛም አጨበጨብን። ከሥሯ «ከከፋላ የተረፈች» ብለው በትልቁ አተሙት (ከፋላ የሠራተኛዋን የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የሚያስረው የአረብ አገር ሥርዓት ነው)። ማንም አልጠየቃትም፤ እኔም አልጠየቅኋትም፣ ሰብሳቢዋ እኔ ሆኜ! እሷ ለካ ለእናቷ ሱቅ ውስጥ ካሸር ነኝ ብላ ነው ስድስት ዓመት ብር የላከችው። ባነሩ በር ላይ የተሰቀለው ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፎቶው በቴሌግራም ወሎ ገብቷል። ማታ እናትየው ደወሉ። ልጅቷ ትወናዋን ጨርሳ፣ ሜካፑን ሳትጠርግ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታዳምጥ አየኋት። ከዚያ ቀን በኋላ አልመጣችም። ድርጅቱ ሪፖርቱን አስገብቶ ሄደ፤ ለእኛ የተረፈን 40 ቲሸርት ነው፣ አሁን ወለል እንወለውልበታለን።

የሚያናድደኝ ደግሞ ነገሩን አሳምረን እናውቀው ነበር። በጥር 2007 ቤይሩት ላይ የቤት ሠራተኞች ማኅበር ሲመሠረት የሊባኖስ መንግሥት ዕውቅና ነፈገው፤ ሴቶቹ ግን በየዓመቱ በሠራተኞች ቀን ሰሞን ሰልፍ ይወጡ ነበር። ከበስተጀርባው ምን እንደነበረ እኛ ነን የምናውቀው። የእሁድ ዕረፍት፣ በጋራ የተከራየች አንድ ክፍል፣ ከማዳም ቤት ለጠፋች ልጅ የሚዋጣ ብር። በሰኔ 2012 አሠሪዎቻቸው ሴቶቹን ቤይሩት ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ከነሻንጣቸው ጥለዋቸው ሲሄዱ፣ እንደ «እኛ ለእኛ በስደት» ያሉ፣ የቤት ሠራተኞች ራሳቸው ያቋቋሟቸው ስብስቦች ናቸው ምግብና የቤት ኪራይ ሲያፈላልጉ የነበሩት። እኔ ይህን አይቼ መጥቼ አዲስ አበባ ላይ ከባነር ጀመርኩ።

ኪነ ጥበቡስ ትይኝ ይሆናል። እሱ ራሱ መጣ። ከአባሎቻችን የአንዷ እህት እዚያው አርፋ አስከሬኗ ሳይመጣ ሻንጣዋ ብቻ ቦሌ ደረሰ። ቤተሰቡ እርም አላወጣም፣ ምን ይዞ ያልቅስ? የእድራችንን ድንኳን ጣልን፣ ቡና አፈላን፣ ሻንጣውን መሃል ላይ አደረግነው። ከመካከላችን ማንበብ የማትችለው ሴት ተነስታ እንዲህ አለች፦

ልብስሽ ቦሌ ደርሶ እኔ ተቀበልኩት፣
ማን ሊለብሰው ብዬ እቤት አስገባሁት?

ከዚያ ሌላዋ ቀጠለች፣ ደግሞ ሌላዋ። የሰፈሩ እናቶች ሲቀበሉ፣ እንግዳ ነን ብለን ዳር ዳር የምንለው ሰዎች ያኔ ነው መሃል የገባነው። ካሜራ ከልክለን ነበር። ከ3 ወር በኋላ አንድ የአለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪ ሙሾዎቹን በጥልፍ እንድንሠራቸው ሐሳብ አመጣ። ብርድ ልብስ ላይ ጠለፍናቸው፣ ስም የለውም፣ ፊት የለውም። አሁን 14 ብርድ ልብስ ሆኗል። ስናሳየው የሚያለቅሰው ተመልካች ብዙ ነው፤ እኔ እንኳ ጥልፉ ቀጥ ባለማለቱ ነው የሚቆጨኝ።

ፎቶ የግድ ካላችሁ፣ ፈቃዷን በወረቀት ብቻ ሳይሆን «ይህን ማን እንዳያይብሽ ትፈልጊያለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። ሰው ፊት አይሁን፣ ለብቻዋ ጠይቋት። ሳምንት ስጧት። አልፈልግም ብትል ቡናዋ እንዳይቀዘቅዝ።

ያቺ ልጅ አልተመለሰችም። ስልኳንም ቀይራለች። በወሩ መጀመሪያ ግን መዋጮዋ 100 ብር በቴሌብር ይገባል፣ መልእክት የለውም። ስሟን ከመዝገቡ አልሰረዝነውም።

ድንኳንና ትልልቅ ድስት ካስፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ለመስቀል ሰሞን ግን ተይዟል።