ስፒች ቴራፒ ለመማር ምን ይጠይቃሉ? ሁለት ጊዜ ያመለከተች ሰው መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያየሁት ትናንት ማታ ልጆቹን ካስተኛሁ በኋላ ነው። ከስር የተሰጡትንም መልሶች አነበብኩ። «ደውለሽ ጠይቂ» የሚለው ልክ ነው፣ ግን ብዙም አይረዳሽ። ምን ብለሽ እንደምትጠይቂ ካላወቅሽ፣ ስልኩን ያነሳው ሰው «ዌብሳይታችን ላይ አለ» ብሎሽ ይዘጋል። አሁን ለሚገቡ ሰዎች ጥያቄሽን ላሳጥረው፦ ከአገር ቤት በሶሻል ወርክ ዲግሪ አለሽ። የምትኖሪው ቨርጂኒያ ነው። የ4 ዓመት ልጅሽ ንግግር ዘግይቶበት ስፒች ቴራፒስት ፍለጋ ስትንከራተቺ ሙያውን ወደድሽው። በዚህ ዲግሪ ይቀበሉኛል ወይ? አክሰንቴስ ችግር ይሆንብኛል ወይ? ነው ያልሽው።

እኔ ሜሪላንድ ነኝ። አገር ቤት ሊንጉስቲክስ ተማርኩ፣ እዚህ መጥቼ አምስት ዓመት ዴይኬር ሠራሁ፣ ከዚያ ነው ወደዚህ የዞርኩት። አሁን በመንግሥት ትምህርት ቤት ስፒች ፓቶሎጂስት (ያው ስፒች ቴራፒስት ማለት ነው) ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት አምስት ቦታ አመለከትኩ፤ አምስቱም «ይቅርታ» አሉኝ። በሁለተኛው ዓመት ገባሁ። ስለዚህ ከምነግርሽ ግማሹ ተቃጥዬ የተማርኩት ነው።

አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ በሶሻል ወርክ ዲግሪ ይገባል። በቀጥታ ግን አይደለም። እዚህ አገር በዚህ ሙያ ሙሉ ባለሙያ ለመሆን ማስተርስ ግዴታ ነው። ማስተርሱን ከመጀመርሽ በፊት ደግሞ የሙያውን መነሻ ኮርሶች ወስደሽ መገኘት አለብሽ። እነሱን እዚህ የተማሩት ልጆች በመጀመሪያ ዲግሪያቸው ነው የሚጨርሷቸው።

የእኔ ትልቁ ስህተት የዩኒቨርሲቲዎቹን የመግቢያ ገጽ ብቻ ማንበቤ ነበር። አንቺ ከመጨረሻው ጀምረሽ ወደ ኋላ ነይ። በመጨረሻ የሙያ ሰርተፊኬቱን የሚሰጥሽ ዩኒቨርሲቲው አይደለም፤ አሻ የሚባለው የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ሮክቪል ነው። (ክፍል ውስጥ ሁለት ሐበሾች ነበርን፤ አንድ መስፈርት ባማረረን ቁጥር «አሻ ነዋ፣ ያሻውን ያደርጋል» እንባባል ነበር።) የስቴቱ ፈቃድ ለብቻው ይወጣል፣ ግን በአብዛኛው የሚጠይቀው ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል።

አሻ የሚፈልገው ይሄን ነው። ማስተርሱ እሱ በሚያውቀው አክሬዲተር የጸደቀ ፕሮግራም መሆን አለበት። ጽሑፉ ላይ ሲኤኤ (የአክሬዲተሩ አጭር ስም) የሚል ካላየሽ ዋጋው ረከሰ ብለሽ እንዳትገቢ። በትምህርቱ ውስጥ 400 የክሊኒክ ሰዓት ታጠናቅቂያለሽ። 25ቱ ባለሙያ ሲሠራ ማየት ነው፤ 375ቱ ራስሽ ከታካሚ ጋር የምትሠሪው ነው። ፕራክሲስ የሚባል ፈተና አለ፤ ከ100 እስከ 200 ባለው መለኪያ ማለፊያው 162 ነው። ከምረቃ በኋላ ደግሞ ደመወዝ እየተከፈለሽ፣ ልምድ ባለው ባለሙያ ክትትል ስር፣ ቢያንስ 36 ሳምንትና 1,260 ሰዓት ትሠሪያለሽ። ይሄኛው አያስፈራሽ፣ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ጉዳቱ። አሻ ከነዚህ ሌላ አራት ዓይነት መሠረታዊ ትምህርት በትራንስክሪፕትሽ ላይ ማየት ይፈልጋል፦ ባዮሎጂ፣ ፊዚክስ ወይም ኬሚስትሪ፣ ስታቲስቲክስ፣ እና የማኅበራዊ ወይም የባሕርይ ሳይንስ። የመጨረሻው ለአንቺ አለቀ፣ ሶሻል ወርክ በሽ በሽ ነው። ስታቲስቲክሱ ላይ ግን አደራሽን። እኔ ትራንስክሪፕቴ ላይ «ሪሰርች ሜተድስ» የሚል ነበረኝ። ስታቲስቲክስ በውስጡ ተምረናል፣ ፈተናውም ላይ ነበር። ሞላሁት። አንድ ስሙን የማልጠራው ዩኒቨርሲቲ ከሁለት ወር በኋላ «የሪሰርች ኮርስ ስታቲስቲክስን አይተካም» ብሎ መለሰልኝ። አሻ ላይ ገብቼ ሳነብ እውነታቸውን ነው፤ ራሱን የቻለ የስታቲስቲክስ ኮርስ ነው የሚፈለገው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ በአንድ ሴሚስተር የምጨርሰው ነገር አንድ ዓመት አስቀመጠኝ። ፊዚክስና ኬሚስትሪም እንደዚሁ ነው፤ ከፍሬሽማን የተረፈሽ ካለ ርዕሱን በደንብ እዪው። ከሌለሽ ሰፈርሽ ያለው ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከየትኛውም ይረክሳል።

ከነዚህ ቀጥሎ የሙያው መነሻ ኮርሶች ይመጣሉ። «ሌቨሊንግ» ወይም «ፖስት ባክ» ሲሉ ይሄን ነው። ስማቸው ከቦታ ቦታ ቢለያይም ሁሉም ጋ የማይቀሩት ፎኔቲክስ (የንግግር ድምፆች ጥናት)፣ የንግግርና የመስማት አካላት አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ የልጆች ቋንቋ እድገት፣ ስፒች ሳይንስ እና የኦዲዮሎጂ (የመስማት ጥናት) መግቢያ ናቸው። አንዳንዶቹ የነርቭ ትምህርትና የመስማት ተሐድሶ ይጨምሩበታል። ሥራ እየሠራሽ ከሆነ ኦንላይን ይወሰዳሉ። ዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በዚህ የታወቀ ነው፤ እናንተ ጋ ቨርጂኒያ ውስጥ ሎንግዉድ ዩኒቨርሲቲ አለ። እኔ ማታ ማታ ሳጠና ባለቤቴ የጉሮሮ ሥዕል ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሲያይ «ይሄን ሰው አንሱልኝ፣ እራት አልበላልኝ አለ» ይል ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኮርሶቹን ከመክፈልሽ በፊት ልታመለክቺባቸው የምታስቢያቸውን አምስት ስድስት ትምህርት ቤቶች ዝርዝር በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፊ። አንዱ የሚጠይቀውን ሌላው አይጠይቅም። ኮርሱ ከስንት ዓመት በላይ ካለፈው አይቆጠርም የሚሉም አሉ። እዚህ አካባቢ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ፣ ሃዋርድ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን፣ ዩዲሲ (የዋሽንግተን ዲሲ ዩኒቨርሲቲ) እና ታውሰን ፕሮግራሙ አላቸው። በአንቺ ስቴት ጄምስ ማዲሰን፣ ራድፎርድ እና ሎንግዉድ አሉ። የስቴትሽ ነዋሪ ሆነሽ የመንግሥቱን ስትመርጪ የክፍያው ልዩነት ቀላል አይደለም።

ወረቀት ማስገመገሙ ላይ ሁለተኛው ጉዳቴ አለ። የውጭ አገር ዲግሪ የሚገመግመው ደብልዩኢኤስ የሚባል ድርጅት ሁለት ዓይነት ሪፖርት ይሸጣል። አንዱ ዲግሪ እንዳለሽ ብቻ ይናገራል። ሌላው እያንዳንዱን ኮርስ ዘርዝሮ ውጤቱን ወደዚህ አገር ይለውጣል፣ ጂፒኤም ያወጣል። የመጀመሪያው ስለሚረክስ እሱን ገዛሁ። ማስተርስ መግቢያ ላይ የሚፈልጉት ግን ሁለተኛውን ነው፤ ኮርስ በኮርስ የሚለውን። አዲሱ ሪፖርት እስኪደርስ የሁለት ትምህርት ቤቶች ቀነ ገደብ አለፈ። ከአገር ቤት የታሸገ ትራንስክሪፕት ማስላክ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሬጅስትራር ጋ አንድ ዘመድ በአካል ካልቆመ ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ ይከርማል። እኔ የአክስቴን ልጅ ለአራት ቀን አቁሜዋለሁ። እስካሁን ባገኘኝ ቁጥር ያስታውሰኛል።

ማመልከቻው ራሱ በአብዛኛው ሲኤስዲካስ በሚባል አንድ የጋራ ሲስተም ነው የሚያልፈው። አንዴ ሞልተሽ ለብዙ ቦታ ትልኪያለሽ፤ ለእያንዳንዱ ቦታ ግን ለብቻ ይከፈላል። ቀነ ገደቡ ብዙ ጊዜ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ባለው ነው፣ ትምህርቱ የሚጀምረው በሚቀጥለው መስከረም አካባቢ ነው። ጂአርኢ የሚባለውን የማስተርስ መግቢያ ፈተና ድሮ አብዛኞቹ ይጠይቁ ነበር፣ አሁን ብዙዎቹ ትተውታል። ጂፒኤ 3.0 መነሻ ነው፤ ውድድሩ ግን ከዚያ ከፍ ይላል፣ ምክንያቱም የሚይዙት ሰው ጥቂት ነው። የእኔ የአገር ቤት ውጤት 2.9 ነበር። ያወጣኝ በሌቨሊንጉ ያገኘሁት 3.8 ነው። ቅርብ ጊዜ የወሰድሽውን የሚያዩ አሉና እዚያ ላይ ተሟሟቺ። የድጋፍ ደብዳቤ ሦስት ይፈልጋሉ፤ ሁለቱ ከአስተማሪ ቢሆን ይመረጣል። ኦንላይን ስትማሪ አስተማሪው እንዳይረሳሽ ካሜራሽን ክፈቺ፣ ጥያቄ ጠይቂ፣ በቢሮ ሰዓቱ ግቢ።

25ቱ የምልከታ ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቶቹ ይለያያሉ። ከመግባትሽ በፊት የሚጠይቁ አሉ፣ ከገባሽ በኋላ የሚያስሞሉሽም አሉ። የልጅሽ ቴራፒስት ጋ የምትቀመጪበት ሰዓት ግን አይቆጠርልሽም። እሱ እናትነት ነው። (ሞክራ ያየች ጓደኛ አለችኝ።)

ወደ አክሰንቱ ልምጣ። ይሄ ጥያቄ ሐበሻን ሁሉ የሚያስቀር ነው፣ እኔንም ሁለት ዓመት አስቀርቶኛል። አሻ በዚህ ላይ በግልጽ ጽፏል፦ አክሰንት ብቻውን ሰውን ከትምህርቱም ከሥራውም ሊያስቀር አይገባም። የሚጠየቀው የሙያውን ሥራ መሥራት መቻልሽ ነው። ልጁ የሳተውን ድምፅ ትሰሚያለሽ? ትክክለኛውን ልታሳዪው ትችያለሽ? እኔ እንግሊዝኛው ላይ ምላስ በጥርስ መሃል የሚወጣበትን ድምፅ በመስታወት ፊት ስንት ማታ ሠርቼዋለሁ። አማርኛ ያ ድምፅ የለውም፤ እኛ ወይ ዝ ወይ ድ እናደርገዋለን። ስናገር አሁንም ያመልጠኛል። ልጅ ሳስተምር ግን አያመልጠኝም። ቶፈል የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ሊጠይቁሽ ይችላሉ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ትፈተኚውና ይለቅሻል።

የማመልከቻ ድርሰትሽ ላይ ደግሞ «ልጄ ስለዘገየ ሰውን መርዳት እፈልጋለሁ» ብለሽ ብቻ እንዳትጽፊ። ከሚመጣላቸው ድርሰት ብዙው ይሄው ነው። የእኔ የመጀመሪያ ድርሰት ይሄ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ስለ አማርኛ ጻፍኩ። «ዋና» ሲላላ የውሃው፣ ሲጠብቅ ትልቁ ነገር እንደሚሆን፤ ጽሑፋችን ልዩነቱን እንደማያሳይ፤ ጠ፣ ቀ፣ ጨ እንግሊዝኛ ውስጥ እንደሌሉ። ከዚያ ዴይኬር ውስጥ ያየሁትን አንድ ልጅ አመጣሁ። ቤቱ አማርኛ ነው የሚሰማው። የእንግሊዝኛውን «this» «ዚስ» ስላለ ብቻ ችግር አለበት ተብሎ ሊላክ ነበር። ልጁ ምንም አልሆነም፤ የእናቱን ቋንቋ ድምፅ ነው ያመጣው። ቃለ መጠይቁ ላይ የጠየቁኝ ስለዚህ ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ ሶሻል ወርክ አለሽ። ቤተሰብ ውስጥ ገብቶ ማዳመጥ ታውቂያለሽ። አያት «አባቱም በአራት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው» ስትል፣ ጎረቤት «እንጥሉን አሳዩት» ሲል፣ እናት መሃል ቆማ ምን እንደሚሰማት ታውቂያለሽ። እሱን ጻፊ።

ሥራው የልጅ ንግግር ብቻ መስሎሽ እንዳትገቢ ደግሞ። የመዋጥ ችግርም የእኛ ነው። ልምምድ የወጣሁበት የማገገሚያ ማዕከል ውስጥ ስትሮክ የመታቸው አንዲት የእኛ አገር እናት ነበሩ። ቀጭን ፈሳሽ ወደ ሳንባ እንዳይገባባቸው መጠጣቸው ሁሉ በዱቄት ይወፍራል። በእንግሊዝኛ ለሦስት ቀን ማንንም አላናገሩም። ቡናውን አወፍሬ «እማማ፣ ትንሽ ፉት ይበሉልኝ» ስላቸው ኩባያውን ዘንበል አድርገው አዩት። «ልጄ፣ ይሄ ቡና ነው አጥሚት?» አሉኝ። ሱፐርቫይዘሬ ምን እንዳሉ ስነግራት «ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ጻፊው» አለችኝ።

ልጅሽን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፣ ባትጠይቂም። ዲግሪውን አትጠብቂ፣ የኢንሹራንሱን ወረፋም ብቻ አትጠብቂ። 4 ዓመቱ ስለሆነ የካውንቲሽ ትምህርት ቤት ሲስተም ቻይልድ ፋይንድ የሚባል ክፍል አለው። ምርመራው በነፃ ነው፣ ገና ትምህርት ባይጀምርም። በኢሜይል ጠይቂያቸው፤ ቀኑ እንዲመዘገብ። ቤት ውስጥ አማርኛ እንደሚሰማ ንገሪያቸውና አስተርጓሚ ጠይቂ፤ ሕጉ ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲታይ ነው የሚለው። «አማርኛውን አቁሚና እንግሊዝኛ ብቻ አናግሪው» የሚልሽ ካለ አትስሚው። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም።

ትራንስክሪፕትሽን ፎቶ አንስተሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ስምሽንና መታወቂያ ቁጥርሽን ሸፍነሽ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የትኛው ኮርስ እንደሚያዝልሽ አብረን እናያለን። ስታቲስቲክሱን ግን ካሁኑ ፈልጊው።