ፉቲ ሜዳ ላይ ዳኛውን እንዴት እንያዘው?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከሜልበርንና ከአካባቢዋ የደረሱን ናቸው። ጠያቂዎቹ ልጆቻቸው በየሳምንቱ መጨረሻ የአውስትራሊያን እግር ኳስ፣ እዚያው አገር እንደሚጠሩት ፉቲን፣ የሚጫወቱ ወላጆችና ጨዋታውን ካደጉ በኋላ የጀመሩ ወጣቶች ናቸው። ጥያቄው በየመልኩ ይምጣ እንጂ የሚዞረው በአንድ ሰው ዙሪያ ነው፤ በዳኛው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እግር ኳስ እየተጫወትኩ ነው ያደግሁት። ዘንድሮ አንድ የሰፈር ፉቲ ክለብ ገባሁ። ቅጣት ተነፋብኝና እጆቼን ዘርግቼ "ምን አደረግሁ?" አልኩ። ስድብ ከአፌ አልወጣም። ዳኛው 50 ሜትር ጨመረብኝ፤ ጎልም ተቆጠረብን። የቡድን ጓደኞቼ ሳይቀሩ ተቆጡኝ። ጥፋቴ ምንድን ነው? (የ22 ዓመት ተጫዋች፣ ሰንሻይን)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጥፋትህ የእጅህ ነው። በፉቲ የዳኛን ውሳኔ መቃወም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ለመቀጣት የግድ መሳደብ አያስፈልግም። የአገሪቱ ከፍተኛው የፉቲ ሊግ፣ ኤኤፍኤል፣ በ2022 ይህን ደንብ አጥብቆ ማስከበር ሲጀምር እጅ መዘርጋትና ወደ ስታዲየሙ ስክሪን መጠቆም ሁሉ 50 ሜትር ያስቀጣ ጀመር። ብዙ ደጋፊ "ይህስ በዛ" ብሎ ነበር። እኛ ትክክል ነበር እንላለን፤ ቅዳሜ በቴሌቪዥን የታየ የእጅ ምልክት እሁድ የ10 ዓመት ልጆች ሜዳ ላይ ይደገማልና።

ሒሳቡን እንይ። የፉቲ ሜዳ ሞላላ ነው፤ ርዝመቱ ከ135 እስከ 185 ሜትር ይሆናል። 160 ሜትር በሆነ ሜዳ መሐል ላይ ቅጣት ተሰጠብህ እንበል። ጎሉ 80 ሜትር ይርቃል፤ ከዚያ መትቶ የሚያገባ የለም። እጅህን ዘረጋህ። ዳኛው ኳሱን የያዘውን ተጫዋች 50 ሜትር ወደፊት ወሰደው። አሁን የቀረው 30 ሜትር ነው፤ ይህ ደግሞ ለአዋቂ ተጫዋች የልምምድ ምት ነው። 6 ነጥብ። ያኔም ካጉረመረምክ ሌላ 50 ይጨመርና ጎሉ አፍ ላይ ይደርሳሉ። በብዙ የልጆች ሊጎች ቅጣቱ 25 ሜትር ነው፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

ፊሽካ ሲነፋብህ ኳሱ በእጅህ ካለ ቅጣቱ ለተሰጠው ተጫዋች በቀጥታ እጁ ላይ አድርስለት። መሬት ላይ መጣል፣ አሳልፎ መወርወር ወይም ለራስህ ቡድን ማቀበል ጊዜ ማባከን ነውና እሱም 50 ያስቀጣል። ከዚያ ዳኛው ያሳየህ ቦታ ላይ ቁም። "ስታንድ" ካለህ ወደ ጎን አትንቀሳቀስ፤ ይህ ደንብ በኤኤፍኤል ከ2021 ጀምሮ ይሠራል። እጅህ እምቢ ካለህ ደግሞ ሽቅብ አንሳው። ቦታው ላይ የቆመ ተጫዋች ምቱን ለመከለል ሁለት እጁን ወደ ላይ ቢያነሳ ተፈቅዶለታል። ንዴትህም ሥራ ያገኛል።

ምክንያቱን ማወቅ ከፈለግህ ኳስ በጨዋታ ላይ እያለ አይሆንም። ሩብ (ከጨዋታው አራት ክፍሎች አንዱ) ሲያልቅ አምበልህ ቀርቦ "ያ ቅጣት በምን ነበር?" ብሎ አንዴ ይጠይቅ፤ መልሱን ሰምቶ ይመለስ። አብዛኞቹ ዳኞች በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልሳሉ። ሦስት ተጫዋች ተከትሎት ከሄደ ግን ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ከበባ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ "ቦል!" እያለ ይጮኻል። ይህ ዳኛውን መስደብ ነው? እኔስ ልጩህ? (ፍሌሚንግተን)

መልስ፦ ይጩሁ፤ ስድብ አይደለም። "ኳሱን ይዞ ተይዟል፣ ቅጣት ስጥ" ማለት ነው፤ ዳኞቹም ለምደውታል። ሆኖም የሚጮኹለትን ደንብ ቢያውቁት ደግ ነው፤ በፉቲ ዳኛ ላይ ከሚወርደው ቁጣ ብዙው ከዚህ ደንብ ይነሳል።

ዳኛው መጀመሪያ የሚመዝነው ተጫዋቹ ከመያዙ በፊት ኳሱን ለመልቀቅ ዕድል ነበረው ወይ የሚለውን ነው። ዕድል ኖሮት፣ ሮጦ ወይም ተቃራኒውን ለማለፍ ሞክሮ በትክክል ከተያዘ፣ ወዲያው በእግር መምታት ወይም በቡጢ ማቀበል አለበት፤ ካልሆነ ይቀጣል። ኳሱን ባነሳበት ቅጽበት ከተያዘ ግን የሚጠበቅበት ለመልቀቅ ከልቡ መሞከር ብቻ ነው። ኳሱ በግጭቱ ሾልኮ ቢወድቅም ጨዋታው ይቀጥላል። ያዡ ደግሞ ከትከሻ በላይ ይዞ ወይም ከጀርባ ገፍቶ ከሆነ ቅጣቱ በእሱ ላይ ይዞራል። ይህ ሁሉ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ይመዘናል። ከ80 ሜትር ርቀት የተቀመጠ ተመልካች የሚያየው ሁለት ሰው ሲወድቅ ብቻ ነው። ሁለት የሚመሳሰሉ ግጭቶች ሁለት የተለያየ ውሳኔ ቢያገኙ ዳኛው ተምታታ ማለት አይደለም።

"ቦል!" ብለው ዳኛው ካልነፋ ነገሩ እዚያ ላይ ይብቃ። የዳኛውን ራሰ በራነት፣ ውፍረት፣ ዓይን ወይም እናት ማንሳት ሌላ ነገር ነው። በዚያ አገር ዳኞች ነጭ ይለብሱ በነበረበት ዘመን "ነጭ ትል" የሚል ስድብ ወጥቶላቸው እስካሁን የሚደግመው አለ። ልጆችዎ ይህን ከጎንዎ ሆነው እንዳይለምዱት።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። የተቃራኒ ቡድን ወላጆች ዳኛው ላይ ሲጮኹ እኛም እንመልሳለን። አንዳንዶቻችን በአማርኛ ነው የምንናገረው፤ ማንም አይሰማንም። ዳኛው ግን ራሱ ልጅ ይመስለኛል፣ አረንጓዴ ቲሸርት ለብሷል። (እናት፣ ፉትስክሬይ)

መልስ፦ እህታችን፣ ልጅ ይመስላል ያሉት ልጅ ስለሆነ ነው። በብዙ ሊጎች ሥራውን ገና የጀመሩ ዳኞች ተመልካች እንዲያውቃቸው አረንጓዴ ይለብሳሉ። የ14 ወይም የ15 ዓመት ተማሪ ሊሆን ይችላል። የመስመርና የጎል ዳኞቹም በልጆች ጨዋታ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ ቡድኖች የተውጣጡ ወላጆች ናቸው።

ስለ አማርኛው፦ ቃሉን ባይሰማ ድምፁን ይሰማል፤ እጅዎንም ያያል። ከዳኛው ይልቅ ሜዳ ውስጥ ያለው ልጅዎ አማርኛ ያውቃል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ እሱም የሰማውን ለቡድን ጓደኞቹ ይተረጉመዋል።

ከሜዳ ዳር መባል ያለበት ለራስ ቡድን ነው፦ "በርታ"፣ "ተነስ"፣ "አቀብል"። ለተቃራኒም ጥሩ ኳስ ቢጨበጨብ ያምራል። ከገመዱ ወይም ከአጥሩ ኋላ ይቁሙ። በየሩቡ ዕረፍት ወላጆች አሰልጣኙን ለመስማት ሜዳ መግባት የተለመደ ነው፤ ዳኞቹ ግን መሐል ላይ ቆመው ውኃ ስለሚጠጡ በመሐላቸው አያቋርጡ፣ ዞረው ይሂዱ። የጎል ዳኛ ጋ ሄዶ ነጥብ መከራከርም አይገባም። ሁለቱ የጎል ዳኞች በየፊናቸው ካርድ ላይ ይመዘግባሉ፤ በሩቡ መጨረሻም ያመሳክራሉ።

ሌላኛው ወገን ሲሳደብ አይመልሱ። ለራስዎ ቡድን ማናጀር ይንገሩ፤ እሱ ወይም እሷ ለተቃራኒው ክለብ ኃላፊ ይነግራሉ፤ ሰውየውን የሚያስቆመው የገዛ ክለቡ ነው። በብዙ ሊጎች ለዳኛው አጃቢ ይመደባል፤ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሶ ከመልበሻ ክፍል እስከ ሜዳ መሐል፣ በዕረፍትና በመጨረሻም አብሮት የሚሄድ ሰው ነው። ክለብዎ በየሳምንቱ አጃቢ ሲፈልግ እጅዎን ቢያወጡ ከመቶ ጩኸት ይልቅ ይጠቅማል። ሥራው ሦስት ነው፦ ቀድሞ ደርሶ መተዋወቅ፣ ውኃ ማቅረብ፣ የሚመጣበትን ሰው በትህትና መመለስ። ከዳኛው ጋር ስለ ውሳኔው ማውራት የአጃቢ ሥራ አይደለም።

ዘለፋው ከቀጠለ ዳኛው ጨዋታውን ማቋረጥ፣ ተመልካቹንም ለሊጉ ሪፖርት ማድረግ ይችላል፤ ክለቡ ይቀጣል። ከሁሉ የከፋው ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት ሳይመለስ ሲቀር ነው። በ2022 በመላ አገሪቱ ወደ 6,000 የሚጠጋ የዳኛ ጉድለት እንዳለ ኤኤፍኤል ገልጾ ነበር። ዳኛ ሲጠፋ ፊሽካው ለአንዱ ወላጅ ይሰጣል፤ ያም ካልተገኘ ጨዋታው ይቀራል።

ጥያቄ፦ ዳኛው በግልጽ ከተሳሳተስ? ዝም ይባላል? (አሰልጣኝ ረዳት)

መልስ፦ ዝም አይባልም፤ የሚባልበት ቦታ ግን ሜዳው አይደለም። ነሐሴ 2023 አዴሌድ ከሲድኒ ሲጫወቱ የቤን ኪይስ ምት ጎል ሆኖ ሳለ የጎል ዳኛው የጎሉን ምሰሶ ነክቷል ብሎ 1 ነጥብ ብቻ ሰጠ። በቪዲዮ እንዲታይም አልጠየቀም። አዴሌድ በ1 ነጥብ ተሸነፈ፤ ዋንጫው ወደሚለይበት የፍጻሜ ዙርም ሳያልፍ ቀረ። ኤኤፍኤል ስህተቱን በይፋ አመነ፤ ውጤቱ ግን አልተለወጠም። ካሜራ በየማዕዘኑ ባለበት፣ ከ2012 ጀምሮ የቪዲዮ ማጣሪያ በሚሠራበት ሊግ ይህ ከደረሰ፣ አንድ ልጅ ብቻውን በሚያጫውተው ሜዳ ላይ ስህተት አይኑር ማለት አይቻልም።

ለእናንተ መንገዱ ይህ ነው። ሩቡን፣ የቀረውን ደቂቃ፣ የተጫዋቾቹን ቁጥርና የሆነውን ወዲያው ጻፉ። ቪዲዮ ካለ አስቀምጡት። ወደ ዳኞች መልበሻ ክፍል አትሂዱ። ሌሊቱን አሳድራችሁ፣ በማግስቱ በክለቡ ጸሐፊ በኩል ለሊጉ የዳኞች ኃላፊ ላኩት። "ዳኛው ሌባ ነው" የሚል ደብዳቤ ማንንም አያስተምርም። "በሦስተኛው ሩብ፣ ቁጥር 14 ከትከሻ በላይ ሦስት ጊዜ ተይዞ አልተነፋም" የሚል ግን ለዳኛው አሰልጣኝ የሚሠራበት ነገር ይሰጠዋል። ፌስቡክ ላይ የዳኛን ስም ወይም ፎቶ መለጠፍ ደግሞ ራሳችሁን ያስከስሳል።

ጥያቄ፦ ሳላስበው ዳኛውን ብነካው እቀጣለሁ? (ተጫዋች)

መልስ፦ ልትቀጣ ትችላለህ። ሆን ተብሎ የተደረገና በግድየለሽነት የሆነ ንክኪ ተለይተው ይታያሉ፤ በኤኤፍኤል ሁለተኛው ብዙ ጊዜ በገንዘብ ያልፋል። አብዛኛው የሚደርሰው መሐል ሜዳ ላይ ኳስ ወደ ላይ ሲወረወር ነው። ዳኛው ወርውሮ ወደ ኋላ እየሮጠ ይወጣል፤ ጀርባው አያይም። የሚወጣበትን መስመር አስቀድመህ እይ፤ በዚያ በኩል አትቁም።

ሆን ብሎ መንካት ግን ከባድ ነው። ፊል ካርማን በ1980 የመስመር ዳኛን በጭንቅላት በመምታቱ በዚያ ጨዋታ ላይ በፈጸማቸው ጥፋቶች በጠቅላላ 20 ጨዋታ ታገደ። ግሬግ ዊሊያምስ በ1997 ዳኛ በመግፋቱ 9 ጨዋታ ተቀጣ። ቶም ሆኪንስ በ2018 የዳኛን እጅ ገፋ በማድረጉ ብቻ 1 ጨዋታ ቀረ። ቶቢ ግሪን በ2021 በዕረፍት ሰዓት ከዳኛው ጋር እየተነጋገረ በትከሻው ታክኮት አለፈ፤ የሊጉ የዲሲፕሊን ችሎት 3 ጨዋታ ቢፈርድበት ኤኤፍኤል ይግባኝ ብሎ ወደ 6 አስነሳው። በዓመቱ ውስጥ የታገደ ተጫዋች ከ1924 ጀምሮ ለዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የብራውንሎ ሜዳሊያም መውሰድ አይችልም። ያንን ሜዳሊያ የሚወስነው የሜዳ ዳኞቹ ከየጨዋታው በኋላ የሚሰጡት 3፣ 2 እና 1 ድምፅ ነው።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ዳኛ ልሁን ትላለች። እፈራላታለሁ። (አባት፣ ዳንደኖንግ)

መልስ፦ ፍርሃትዎ መሠረት አለው። የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት፣ በ2022 ይፋ የሆነ ሪፖርት ሴት ዳኞች ከተመልካች ብቻ ሳይሆን ከሙያ ባልደረቦቻቸው ጭምር ዘለፋና ትንኮሳ እንደሚደርስባቸው አሳይቷል። በሌላ በኩል ቼልሲ ሮፊ በ2012 የዋንጫውን ፍጻሜ በጎል ዳኝነት መርታለች፤ ኤሌኒ ግሉፍትሲስም በ2017 በኤኤፍኤል የመጀመሪያዋ ሴት የሜዳ ዳኛ ሆናለች። መንገዱ ተከፍቷል።

ሊጉን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ልምድ ያለው ዳኛ አብሯት ይኖራል ወይ? ሴቶች የሚለብሱበት የተለየ ክፍል አለ? ችግር ሲደርስባት በዚያው ቀን የምትደውልለት ሰው ማን ነው? መልሱ "እናያለን" ከሆነ ሌላ ሊግ ይፈልጉ። በዘሯ ወይም በቀለሟ የሚሰድባት ካለ ጨዋታውን አስቁማ ለአጃቢዋ ትንገር፤ ችላ ብላ አትለፈው።

ለልምምዱ ደግሞ ፊሽካውን በሙሉ ትንፋሽ መንፋት ትልመድ። ሰለል ያለ ፊሽካ "እርግጠኛ አይደለሁም" ይላል፤ ተከራካሪም ይጠራል። ነፍታ እጇን በግልጽ ታሳይ፣ ምክንያቱን በሁለት ቃል ትናገር፣ ከቦታው ዞር ትበል። በመስመር ዳኝነት ከጀመረች ኳሱን ወደ ሜዳው ጀርባዋን ሰጥታ በራሷ ላይ አሳልፋ ነው የምትወረውረው። መጀመሪያ ኳሱ ወደ አንድ ወገን ይጣመማል፤ ሕዝቡም ይስቃል። መናፈሻ ውስጥ እርስዎ ከኋላዋ 15 ሜትር ያህል ርቀው ይቁሙላት፤ በቀን 20 ጊዜ ትወርውር፣ እርስዎ ይቅለቡ።