ከቼልሲ አማካይ እስከ መጋቢነት

ጥያቄ፦ የቀድሞው የቼልሲ ተጫዋች ጋቪን ፒኮክ ጫማውን እንደሰቀለ ሰባኪ ሆነ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እንደሰቀለማ አይደለም፤ መሃል ላይ ዓመታት አሉ። ወንጌልን የተቀበለው ገና በ18 ዓመቱ፣ በኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ ሳለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኒውካስልን ወደ ፕሪሚየር ሊግ ካሳደጉት አንዱ ነበር። በ2002 ኳስ አቁሞ በቢቢሲ የጨዋታ ተንታኝ ሆነ። ዝናው ለአንድ ምሽት ምስክርነት ይበቃው ነበር፤ በየሳምንቱ መጽሐፍ ቅዱስን ለማስተማር ግን ትምህርት ያስፈልጋል። ስለዚህ በ2008 የሞቀ ሥራውን ትቶ ነገረ መለኮት ሊማር ከቤተሰቡ ጋር ካናዳ ገባ። መጋቢነቱ በካልጋሪ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።