አምስተርዳምን ከጓደኛ ጋር በሳይክል፦ ጥያቄና መልስ

አምስተርዳም ነው የምኖረው፤ ሥራም ገበያም የምሄደው በሳይክል ነው። ከጓደኛችሁ ጋር መጥታችሁ ከተማውን በሳይክል ልታዩ ላሰባችሁ፣ የደረሱኝን ጥያቄዎች ልመልስ።

እኔና ጓደኛዬ ከልጅነታችን ወዲህ ሳይክል ነድተን አናውቅም። ይከብደናል?

መንዳቱስ አይጠፋችሁም። የሚከብደው ግርግሩ ነው። ማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት አትጀምሩ፤ ትራም፣ እግረኛና ሳይክል የሚተራመሱበት ቦታ ነው። መጀመሪያ ቮንደልፓርክ ገብታችሁ ትንሽ ዙሩ። ቀላ ያለው አስፋልት የሳይክል መንገድ ነው፤ እሱ ላይ ድንገት መቆም ነውር ነው። ፎቶ ካማራችሁ መጀመሪያ ዳር ውጡ።

የኪራይ ሳይክል የእጅ ፍሬን የለውም ይባላል። እውነት ነው?

ብዙዎቹ ላይ ፍሬኑ ፔዳሉ ነው፤ ወደ ኋላ ስትረግጡት ይይዛል። የሚያስቸግረው ቀይ መብራት ላይ ነው። ቆማችሁ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙራችሁ ለመነሻ ላመቻች ብትሉ አይዞርም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ የምትነሱበትን ፔዳል ከፍ አድርጋችሁ ቁሙ። ካልተመቻችሁ የእጅ ፍሬን ያለው ጠይቁ።

የትራም ሐዲዱስ?

ጎማው ሐዲዱ ውስጥ ከገባ መውደቅ ነው። አግድም ቁረጡት፣ በተለይ ሲዘንብ።

ጎን ለጎን ሆነን እያወራን መሄድ ይፈቀዳል?

ሕጉ ለሁለት ሰው ይፈቅዳል። ከኋላ ደወል ስትሰሙ ግን ወሬውን አቁማችሁ ተሰለፉ። መሃል ከተማ መንገዱ ጠባብ ነው፤ ወሬያችሁን ለአምስተል ወንዝ ዳር አቆዩት።

ጓደኛዬ ሲነዳ ነፋስ ነው። እንዴት ልከተለው?

አትከተለው። ቀርፋፋው ከፊት ይሁን፤ በዚህ ነገር ድርድር የለኝም። ፈጣኑ ሲመራ እሱ አረንጓዴ ያገኛል፣ አንተን ቀይ ይይዝሃል፤ እንዳልጠፋ ብለህ ትጥሳለህ። ከተለያያችሁም ያለፈው ሰው ቀጣዩን ድልድይ እንደተሻገረ ዳር ይዞ ይጠብቅ። ይህን ሳትነሱ ተስማሙ፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ያስቀጣል፣ «የት ነህ?» ብሎ መደወል የለም።

አንድ ሳይክል ተከራይተን ላፈናጥጣት?

የአገሬው ሰው ያደርገዋል። መጀመሪያ ነጂው ብቻውን ይነሳል፤ ተፈናጣጩ ከኋላ ሁለት ሦስት እርምጃ ሮጦ በጎን ዘፍ ይላል። ሲያዩት ቀላል ይመስላል! አከራያችሁ ግን ላይፈቅድ ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ ሁለት ተከራዩ ነው የምለው።

ሌባ አለ ሲባል ሰምቻለሁ።

ሞልቷል። የኋላ ጎማውን በራሱ ቁልፍ ቆልፉ፤ ከዚያ ሰንሰለቱን በፊት ጎማውና በፍሬሙ አሳልፋችሁ ከብረት ጋር እሰሩት። ሁለቱን ሳይክል እርስ በርስ ማሰር ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ጭነው ይወስዷቸዋል። ባቡር ጣቢያው ጋ በ2023 የተከፈተ፣ ከውሃ ሥር የተሠራ ማቆሚያ አለ፤ 7,000 ያህል ሳይክል ይይዛል፣ የመጀመሪያው 24 ሰዓት ነፃ ነው።

ያለን አንድ ቀን ነው። ወዴት እንሂድ?

ሙዚየሙን ለሌላ ጊዜ አድርጉትና ውሃውን ተሻገሩ። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ጀልባ አለ፤ ለሰውም ለሳይክልም ነፃ ነው። ማዶ ስትወርዱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዱርገርዳም ንዱ። መንደሩ ግድቡ ላይ በአንድ መስመር የተደረደሩ የእንጨት ቤቶች ነው፤ በአንድ በኩል ውሃ፣ በሌላው ከውሃው ዝቅ ያለ የላም መስክ። ከዚያ ወደ ራንስዶርፕና ሆሊስሎት ማለፍ ይቻላል። ቁጥር የተጻፈባቸው አረንጓዴና ነጭ ምልክቶች ከመገናኛ ወደ መገናኛ ይመሯችኋል። ዳገት የለም፤ ዳገቱ ነፋሱ ነው። ስትሄዱ ከፊት ከመታችሁ፣ ስትመለሱ ይገፋችኋል። ከፊት ሲመታ ተፈራርቃችሁ ምሩ።

(ከዋሽንግተን) እዚያ አገር ሳይክል የበዛው መሬቱ ሜዳ ስለሆነ አይደል?

ጋሼ፣ ሜዳነቱ ረድቷል፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እዚህም ከተማውን መኪና ወርሶት ነበር። በ1971 በመላ አገሪቱ ከ3,000 በላይ ሰው በትራፊክ አደጋ ሞተ፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ወላጆች «የልጆች ግድያ ይቁም» ብለው አደባባይ ወጡ። በ1973 ደግሞ የነዳጅ ቀውስ መጣና እሑድ እሑድ መኪና ተከለከለ። ዛሬ የሚነዱበት መንገድ የዚያ ትግል ውጤት ነው።

ነጠላ ለብሼ ብነዳስ?

ትችያለሽ። ብዙ የሆላንድ ሳይክል የኋላ ጎማው ላይ ልብስ እንዳይገባ የሚከላከል ሽፋን አለው፤ ስትከራዪ እሱን እዪ። የነጠላውን ጫፍ ግን ወገብሽ ላይ ቋጥሪው፤ ካቴናው ከያዘው ጥለቱ አይተርፍም።