መልስ፦ ጥሩ ፒዛ ቤት በምን ይለያል?
ሐዋሳም ሆነ ጣሊያን ስትሄድ ጥሩ ፒዛ ቤት በምን እንደምትለይ ለጠየቅኸው፣ ከሜኑው በፊት ምድጃውን እይ። የናፖሊ (የጣሊያን ከተማ) ፒዛ ከ430 እስከ 480 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚግል የእንጨት ምድጃ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ብቻ ነው የሚበስለው። የቤት ዓይነት ኦቨን የሚጠቀም ቤት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ አታጣድፋቸው።

መጀመሪያ ማርጋሪታ፣ ማለትም ቲማቲም፣ ሞዛሬላ አይብና ባሲል (በሶብላ መሰል ቅጠል) ብቻ ያለበትን እዘዝ። ሥጋና ቱና ሲበዛ የሊጡ ድክመት ይሸፈናል። ሲቀርብ ቁራጩን አንስተህ ሥሩን እይ፤ ላዩ አሮ ሥሩ ነጭ ከሆነ የምድጃው ወለል ቀዝቅዟል። ይሄ ትእዛዝ ሲደራረብ ስለሚብስ ሰው ሳይበዛ ብትሄድ ይሻላል። መሃሉ ውሃ ካቆረ ሞዛሬላው አልተጠነፈፈም ወይም ስጎው በዝቷል። ናፖሊ ውስጥ ግን መሃሉ ለስላሳ መሆኑ ወጉ ነው፣ እንደ ጉድለት አትቁጠረው። ጠርዙን ስትቆርጠው ትልልቅና ትንንሽ ቀዳዳ ከታየህ ሊጡ በደንብ ቦክቷል፤ ድፍን ሆኖ እርሾ እርሾ ከሸተተ ሊጡ በጥድፊያ እንዲነሳ ተደርጓል፣ ለእኔ ይሄ ከሁሉም የከፋው ጥፋት ነው።

ሮም በክብደት የሚሸጠውን ፒዛ ከፈለግህ ትሪው ቶሎ ቶሎ የሚለወጥበትን ቤት ምረጥ። በጾም ቀን ማሪናራ ጠይቅ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት ነው፣ አይብ የለበትም። ይዘህ የምትሄድ ከሆነ የካርቶኑን ክዳን ገርበብ አድርገው፣ አለዚያ እንፋሎቱ ያላሽቀዋል።