ሰፊ ካርቡሬተር ከመግዛትህ በፊት የቺንጋውን ምልክት እይ

ወንድሜ፣ ባለ 1.3 ሊትር ሞተር ኮሮላህ፣ ቤንዚንና አየር የሚደባልቅለት ካርቡሬተር የሆነው፣ የታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ባለ ጥርስ ቀበቶ) ከተቀየረለት ወዲህ ደክሟል፤ ከጊቤ ድልድይ ወደ አበልቲ ስትወጣ ድሮ በሦስተኛ ማርሽ የምትጨርሰውን ዳገት ዛሬ ሁለተኛ ካልገባ አይወጣም። አንዱ ጋራዥ የካርቡሬተሩን ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በትልቅ ቀይሮ፣ የአየር ማጣሪያውን አውልቆ ጥቁር ጭስ ጨመረልህ። ሌላው ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን የሚያፍንበትን ግፊት፣ ለክቶ አራቱም ሲሊንደሮች 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ሲያሳዩ «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» አለህ። አንተ ደግሞ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) ቀይረህ ሰፊ ካርቡሬተር በማስገባት የፈረስ ጉልበቱን ለመጨመር አስበሃል።

ገንዘብህን ያዝ። ሁሉንም የነገረኝ በደብዳቤህ መጨረሻ ላይ «ዲስትሪቢዩተሩ እስከ ጥግ ዞሮ ነው የታሰረው» ያልከው ነው። ዲስትሪቢዩተሩ እሳቱን በየተራ ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ነው። ጤነኛ ሞተር ላይ የዲስትሪቢዩተሩ ብሎን የሚቀመጠው በማስተካከያው ክፍተት መሐል አካባቢ ነው። ጥግ ደርሶ ከታሰረ፣ የእሳቱን ሰዓት ፈልጎ ያጣ እጅ ነክቶታል። በዚህ ሞተር ላይ ዲስትሪቢዩተሩን የሚያዞረው ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ ነው። ቺንጋው አንድ ጥርስ ወደ ኋላ ከቀረ እሳቱም ቫልቮቹም አብረው ይዘገያሉ። ቺንጋውን የቀየረው ሰው እሳቱን በዲስትሪቢዩተሩ አቃናው፤ ቫልቮቹን ግን እንደዘገዩ ተዋቸው። አንድ ጥርስ በኮሎው (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ላይ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ነው፤ ቀላል አይደለም። አስገቢው ቫልቭ ዘግይቶ ሲዘጋ ፒስተኑ የሳበውን አየር ከፊሉን መልሶ ይተፋዋል፣ ኮምፕሬሽኑም በአራቱም ላይ እኩል ይወርዳል። ፋሻ ብዙውን ጊዜ እንዲህ እኩል አያልቅም። አንዱ 130 ሲል ሌላው 95 ይላል።

በዚያ ላይ ያ መካኒክ 120ን ሲያይ የት ከተማ እንደቆመ ረስቷል። ይህን በደንብ ላስረዳህ፤ ጅማ ላይ የሚበላሹ ሞተሮች ብዙዎቹ የሚበላሹት ይህን ባለማወቅ ነውና። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,750 ሜትር ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት እጅ አራት እጁ ብቻ ነው። ሞተርህ በእያንዳንዱ ስበት ሲሊንደሩን ይሞላል፣ ነገር ግን የሚሞላው በሳሳ አየር ነው። ፋብሪካው 70 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ 57 ያህል ቢሰጥ ጤነኛ ነው። መጽሐፉ 180 ፒኤስአይ የሚለው ኮምፕሬሽንም እዚህ 145 አካባቢ ላይ ይቆማል። ስለዚህ የጎደለህ ከ180 ላይ ሳይሆን ከ145 ላይ ነው። ጊቤ ሸለቆ ስትወርድ መኪናዋ ትንሽ የምትነቃውም ለዚሁ ነው፤ ድልድዩ አካባቢ አየሩ ወፍራም ነው። ካርቡሬተሩ ደግሞ ከፍታውን አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ በጅማ ከፍታ ድብልቁ በራሱ አሥር በመቶ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል። ቤንዚን በበዛበት ሞተር ላይ ትልቅ ጄት ማስገባት ጠግቦ ላደረ ሰው እንደገና ማጉረስ ነው። ጥቁር ጭሱ የመጣው ከዚያ ነው። ሰፊው ካርቡሬተርም ይህንኑ ያባብሳል።

ወደ ሥራው እንግባ፤ መጀመሪያ ግን ማስጠንቀቂያ። የጋራዡ ልጅ በውሃ ፕላስቲክ ቤንዚን ይዞ ካርቡሬተሩ አፍ ላይ እያፈሰሰ ሞተር ያስነሳ እንደነበር ጽፈሃል። ቫልቩ ሳይዘጋ የተነሳ እሳት በካርቡሬተሩ አፍ ተመልሶ ይወጣል፤ ፕላስቲኩም እጁም ይያያዛል። ክፍት ቤንዚን ሞተር አጠገብ አይምጣ።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ ካንዴላዎቹን አውጣ፣ የቺንጋውን ሽፋን ክፈት። ሞተሩን በኮሎው ብሎን በመፍቻ፣ ከፑሌጃው (ቺንጋው ከሚዞርበት ጎማ) ፊት ቆመህ በሰዓት አቅጣጫ አዙረህ አንደኛውን ሲሊንደር ዜሮ ምልክት ላይ አምጣው። የካምሻፍቱ ፑሌጃ ምልክት ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ካለው ምልክት ጋር ካልገጠመ፣ ኮሎውን አንድ ሙሉ ዙር ጨምረህ አዙረህ እይ፤ አሁንም ካልገጠመ ጥፋቱ ይኸው ነው። ቺንጋውን አውልቀህ አስተካክል፣ መወጠሪያውን አጥብቅ፣ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረህ ምልክቶቹን ደግመህ እይ። ስታዞር ከተያዘብህ ቁም፤ አታስገድደው።

ቺንጋውን ካወጣህ አይቀር ቀይረው፣ የመወጠሪያውን ኩሽኔታም አብረህ። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡት ቺንጋዎች ጥርሳቸው በጥፍር ይላጣል፤ ሳጥናቸው ብቻ ነው ዋናውን የሚመስለው። እንዲህ ያለውን ቺንጋ አስሬ በወሩ የመለስኩት ሞተር ስላለ ይህን የምለው በምሬት ነው። ዋናው ቺንጋ እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ያገለግላል።

ከዚያ ዲስትሪቢዩተሩን ወደ መሐል መልሰህ እሳቱን በታይሚንግ መብራት አስተካክል። በዚህ ከፍታ ከመጽሐፉ ሁለት ዲግሪ ብታስቀድመው ይሸከማል። ዳገት ላይ ሲጫን ከውስጥ እንደ ጠጠር የሚንኳኳ ድምፅ ከሰማህ ግን ወዲያው መልሰው፤ ፒስተን ይበሳል። የድሮውን ጄት አስገባ፣ ማጣሪያውን መልስ፤ የጅማ ቀይ አቧራ ያለ ማጣሪያ ከገባ ያኔ ፋሻው በእውነት ያልቃል።

በመጨረሻ ሞተሩ ሞቅ ብሎ፣ ቤንዚን መርገጫው እስከ ታች ተረግጦ ኮምፕሬሽኑን ለካ። በዚያን ጊዜ በካንዴላ ቀዳዳዎቹ የቤንዚን ተን ስለሚረጭ ኤሌክትሪክ ወደ ኮይሉ (እሳቱን ወደሚያመነጨው) የሚያስገባውን ቀጭን ገመድ ነቅለህ አርቀው፤ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ከ140 በላይ እኩል ካሳየህ ማርሚታውን እንዳለ ተወው፤ መቀየሩ ጩኸት ይጨምራል እንጂ አበልቲን አያስወጣህም። አሁንም 120 ካለ በእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ደግመህ ለካ። ቁጥሩ በጣም ከወጣ ፋሻ ነው፤ ያኔ ያንን መካኒክ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ቁጥሩን ላክልኝ።