ቀብድ የከፈልኩበትን ቤት ለሌላ ሊያከራዩብኝ ነው

ጥያቄ፦ ሥራዬ ወደ ደሴ ስለተዛወረ ለቤተሰቤ ቤት ስፈልግ ቆይቻለሁ። ሆጤ አካባቢ ባለ ሁለት ክፍል ቤት በወር 6,000 ብር በደላላ አገኘሁና 4,000 ብር ቀብድ ሰጠሁ። ባለቤቷ ሳዑዲ ናት፤ ያነጋገረኝም ቀብዱን የተቀበለኝም ወንድሟ ነው። አሁን «የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ካልከፈልክ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» ይለኛል። ውሉ ላይም ኪራዩ 3,000 ብር ተብሎ እንዲጻፍ ይፈልጋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከቀብዱ ልጀምር፤ አሁን እጅዎ ላይ ያለው ጠንካራ ነገር እሱ ነው። ብዙ ሰው ቀብድን «ቤቱን ያዝልኝ» ለማለት ብቻ የሚሰጥ ገንዘብ አድርጎ ያየዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ቀብድ መሰጠቱ ውል መደረጉን ያስረዳል ይላል (አንቀጽ 1883)። የተለየ ስምምነት ከሌለ ውሉን የሚያፈርሰው ቀብድ ሰጪው ከሆነ የሰጠው ይቀርበታል፤ የሚያፈርሰው ተቀባዩ ከሆነ ዕጥፉን ይመልሳል (አንቀጽ 1885)። ወንድምየው ቤቱን ለሌላ ካከራየ 8,000 ብር ሊጠይቁት ይችላሉ ማለት ነው። እርስዎ ተናደው «ተወው፣ አልፈልግም» ካሉ ግን 4,000 ብርዎ ይቀራል። ስለዚህ በስልክ አይጣሉ። ቀብድ ሲሰጡ የስድስት ወር ነገር ካልተነሳ አዲስ ሁኔታ ያመጣው እሱ ነው። «በተስማማነው 6,000 ብር ለመፈረም ዝግጁ ነኝ፤ በዚህ ቀን እንገናኝ» የሚል አጭር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡት፤ ቅጂውን ያስቀምጡ።

እዚህ ላይ ብዙ ክርክር የሚበላሸው በማስረጃ ነው። ወረቀቱ «4,000 ብር ተቀብያለሁ» ብቻ ካለ ተቀባዩ «ቀብድ አይደለም፣ ቅድሚያ ክፍያ ነው» ብሎ ከዕጥፉ ሊያመልጥ ይሞክራል። «ቀብድ» የሚለው ቃል፣ የቤቱ አድራሻና የወር ኪራዩ መጻፍ ነበረባቸው። ካልተጻፉ የቴሌብር ወይም የባንክ መልእክቱን፣ የስልክ ጽሑፎችን እና ደላላውን በምስክርነት ይያዙ። «ኪራይ በጽሑፍ አልተደረገምና ውል የለም» የሚል መከራከሪያ ቢነሳ እንኳ የሰጡትን ገንዘብ ይዞ የሚቀርበት ምክንያት የለውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዋጋውም ይበልጣል፤ ወንድምየው ለማከራየት ሥልጣን አለው ወይ? ወሎ ውስጥ ዓረብ አገር በሠሩ ልጆች ገንዘብ የተገነባ ቤት ብዙ ነው፤ ቁልፉ ወንድም ወይም አጎት ጋ ይቀመጣል። ቁልፍ መያዝ ግን ውክልና አይደለም። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የተረጋገጠውን፣ እዚህም በሰነዶች ምዝገባ በኩል ያለፈውን ውክልና ዋናውን ያሳይዎት። ጠቅላላ ውክልና በቂ ነው፤ በአንቀጽ 2204 ተወካይ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት የአስተዳደር ሥራ ነውና። ከዚያ በላይ ከሆነ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። በውክልናው ላይ ያለው ስም ከይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ጋር ይግጠም። ባለቤቷ ባለትዳር ከሆነችና ቤቱ የጋራ ከሆነ የባሏም ስምምነት ይኑር፤ የቤተሰብ ሕጉ የጋራ ቤትን ለማከራየትም የሁለቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ውክልና ከሌለው ውሉ እኅቱን አያስገድዳትም፤ ክሱም በእሱ ላይ ብቻ ይቀራል።

የስድስት ወር ቅድሚያን በተመለከተ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር ኪራይ በላይ በቅድሚያ መጠየቅን ይከለክላል። በእርስዎ ሒሳብ ጣሪያው 12,000 ብር ነው፤ የተጠየቁት 36,000 ነው። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። በክልል ግን ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሉ በወሰናቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የከተማ አስተዳደሩን የቤቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት «ውል የምታስመዘግቡት እዚህ ነው?» ብለው ይጠይቁ። አዋጁ በማይሠራበት ቦታ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 2945 ጀምሮ ያለው ይገዛል፤ እዚያ ደግሞ ዋጋውም ቅድሚያውም ለስምምነት የተተወ ነው። ስለዚህ ዘመኑንና ጭማሪው መቼና በስንት እንደሚሆን ውሉ ላይ ማጻፍ የእርስዎ ሥራ ይሆናል።

3,000 ብር ተብሎ እንዲጻፍ በፍጹም አይስማሙ። ፍላጎቱ ከኪራይ ገቢ ግብር ማምለጥ ነው። የሚጎዱት ግን እርስዎም ነዎት፤ የተፈረመ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ለያዘው ቃል ሙሉ ማስረጃ ስለሆነ (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2005) ከወረቀቱ ውጭ በእጅ የሰጡትን 3,000 ማስረዳት ይከብድዎታል። ስድስት ወር ከፍለው በሦስተኛው ወር ቢያስወጡዎት ለማስመለስ የሚጠይቁትም በወረቀቱ ልክ ይሆናል። ሙሉውን ኪራይ በባንክ ወይም በቴሌብር ብቻ ይክፈሉ።

ሲፈርሙ ሁለት ምስክሮች ይኑሩ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1727 በጽሑፍ እንዲደረግ የታዘዘ ውል ያለ እነሱ አይጸናም ይላል። የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ንባብ ውሉ ላይ ይግባ፤ ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ሒሳቡ በስንት እንደሚካፈል ይጻፍ። ጦሳ ተራራ ሥር ባሉ ዳገታማ ሰፈሮች ቤቱን ከዝናብ በኋላ ይዩት፤ የግድግዳ እርጥበትና የጣሪያ ማፍሰስ ያኔ ይታያል። ያዩትን ጉድለት ፎቶ አንስተው ከውሉ ጋር ያያይዙ፣ አለበለዚያ ሲወጡ በእርስዎ ላይ ይቆጠራል።

በማስጠንቀቂያው ቀን ካልመጣ ወይም ቤቱን ለሌላ ከሰጠ፣ ማስጠንቀቂያውንና የክፍያ ማስረጃውን አያይዘው ለወረዳ ፍርድ ቤት ክስ ያቅርቡ። ፈቃደኛ ከሆነ ደግሞ ውክልናውን ዋናውን በዓይንዎ ሳያዩ ከቀብዱ በላይ አንድ ብር አይጨምሩ።